የወንድሟ ድምፅ

ፋይዛ ዐረብ አገር፣ ጂዛን ከተማ፣ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ የወሎ ልጅ ናት። ከምሳ በኋላ መዳሟና ልጆቹ ሲተኙ ወጥ ቤት ቁጭ ብላ በስልኳ የወንጀል ልብ ወለድ ትጽፋለች። በየሳምንቱ በቴሌግራም የምትለቀውን ታሪክ በየዐረብ አገሩ ያሉ የቤት ሠራተኞች በጉጉት ይጠብቁታል። የታሪኳ ዋና ሰው ከፖሊስ ቀድሞ ገዳዩ ላይ የሚደርስ የወንጀል ዘጋቢ ነው።

አንድ ቀን የማታውቀው ሰው ጻፈላት። «ጋዜጠኛሽ አንድም ቀን ሲፈራ አላየሁትም። እኔ ግን ይህን ሥራ ስሠራ እፈራ ነበር።»

ተናደደች። ትንሽ ቆይታ ግን ምን እንደሚፈራ ጠየቀችው። የሟች እናት በር ላይ ቆሞ ማንኳኳትን ነው ብሎ መለሰላት።

ሙሄ ይባላል። ደሴ ውስጥ ለአንድ ሬዲዮ የወንጀል ዜና ይሠራ ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ሬዲዮው ሲዘጋ በየመን በኩል ድንበር ተሻግሮ መጣ። አሁን ሳምጣ የምትባል የድንበር ከተማ አጠገብ ባለ የማንጎ እርሻ ላይ ያለ መኖሪያ ፈቃድ ይሠራል።

በስልክ ማውራት ጀመሩ። እሱ ያየውን ይነግራታል፤ እሷ ትጽፈዋለች። እየዋለ ሲያድር የታሪኳ ጋዜጠኛ እንደ ሙሄ ዝግ ብሎ የሚናገር፣ እንደ ሙሄ ሳይስቅ የሚያስቅ ሰው ሆነ። አንባቢዎቿ ይህን ሰው ከየት አመጣሽው እያሉ ይጠይቋት ነበር።

በአንድ አርብ፣ የእረፍት ቀኗ ላይ፣ ሙሄ አትክልት በጫነ መኪና ውስጥ በሣጥኖች መሐል ተደብቆ ኬላውን አልፎ መጣ። ባሕሩ ዳር ተገናኙ። ሸሚዙ ድንብላል ድንብላል ይሸታል። ከኪሱ በክር የተሰካ ነጭ አበባ አውጥቶ ሰጣት።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ፉል ይሉታል።»

«ለቁርስ ነው?»

ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ አሸዋው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ፋይዛ ቀና ባለች ቁጥር ዓይኑን እሷ ላይ ታገኘዋለች፤ እሱም ቶሎ አያነሳውም። ከመለያየታቸው በፊት ኒካህ ማሰር እንደሚፈልግ ነገራት።

ለኒካሁ ወሊይ ሆኖ የሚድራት ታላቅ ወንድሟ ጀዋር ነበር። አባታቸው ከሞተ ወዲህ ያሳደጋት እሱ ነው። ወደዚህ አገር ያመጣትም እሱ ነው። መኪና እየገዛ እንደሚሸጥ ታውቃለች፤ ከዚያ በላይ ጠይቃው አታውቅም።

ጀዋር እንግዳውን በደስታ ተቀበለው። ምሳ ቀረበ። ሥጋውን ቆርሶ ሙሄ ፊት አደረገለትና «ብላ እንጂ፣ እኛ ዘንድ ማን ያፍራል?» አለው።

የሙሄ እጅ ሳህኑ ላይ ቆመ። ትንሽ ቆይቶ በላ፣ አመሰገነ፣ ተነሥቶ ሄደ።

በማግስቱ በስልክ ነገራት። ድንበሩን እንደተሻገሩ ደላሎች ዓይናቸውን አስረው አንድ የታጠረ ግቢ ውስጥ ዘግተውባቸው ነበር። ቤተሰቡ ገንዘብ የላከለት ይለቀቃል። የጓደኛው የአሕመዲን ቤተሰብ ምንም አልነበረውም። ደብድበውት በሙሄ ክንድ ላይ ሞተ። ያስደበደበው ሰውዬ ዳቦ ሲያድላቸው የሚለው፣ ትናንት ጀዋር ምሳ ላይ ያለውን ነበር፤ ድምፁም ያው ድምፅ ነው።

«ድምፅ ማስረጃ አይሆንም» አለችው።

«ለምትጽፊው ታሪክ አይሆን ይሆናል። እኔ ግን ያን ድምፅ ስሰማ ነው የከረምኩት።»

ይክዳል ብላ ተስፋ አድርጋ ወንድሟ ጋ ሄደች። ጀዋር አልካደም። እሷን በምን ገንዘብ እንዳመጣት ይመስላት እንደነበር ጠየቃት። ቀጥሎ ድምፁን ሳይቀይር፣ ሙሄ አፉን ከያዘ በሚቀጥለው ሳምንት እንደሚድራት ነገራት።

ፋይዛ ይህንኑ ይዛ ሙሄን ለመነችው። «ዝም በል። እንጋባ፣ ኸላስ። የሞተው አይመለስም።»

ሙሄ ግን እምቢ አለ። «የአሕመዲን እናት ልጇ ሥራ ላይ ያለ ነው የሚመስላት። በየአርቡ ለሱ ዱዓ ታስደርጋለች። እሷን ምን ልበላት?»

ሬዲዮው እንደገና ተከፍቶ ነበር፤ የድሮ ባልደረባው ታሪኩን እየጠበቀው ነው።

ለጀዋር ተስማምቷል ብላ ዋሸች። ወንድሟ መዋሸቷን ከፊቷ አወቀና ስልኩን አነሣ። እዚያው ፊቷ ለሁለት ሰዎች ደውሎ እሱ እስኪደርስ የማንጎ እርሻው ጋ እንዲጠብቁት አዘዘና የመኪናውን ቁልፍ ይዞ ወጣ።

ፋይዛ ለሙሄ ልትደውል ስልኳን አወጣች። ግን ወዴት ይሸሻል? በእግሩ ወደ ተራራው ቢወጣ መንገዱን ሁሉ የሚያውቀው ጀዋር ነው። ከሚሞት ቢታሰር ይሻላል ብላ ለፖሊስ ደወለች። በወጥ ቤት በተማረችው ዐረብኛ ሳምጣ አጠገብ አንድ እርሻ ላይ ፈቃድ የሌላቸው ሰዎች አሉ አለች፤ ቦታውን አስረዳች።

ጀዋር ሲደርስ ፖሊሶቹ ሙሄንና አብረውት የሚሠሩትን ሁሉ እየጫኑ ነበር። ተመልሶ መጣና የእህቱን ግንባር ሳመ። «የእናቴ ልጅ» አላት። ፖሊስ የጠራችው እሷ እንደሆነች ገብቶታል፤ ለሱ ብላ ያደረገችው መስሎታል። እሷም እንዲመስለው ተወችው፤ እውነቱን ካወቀ ሙሄን እስር ቤት ውስጥም የሚያስገድልበት ሰው አያጣም ብላ ፈርታ ነበር።

ሙሄ ታስሮ ከርሞ ወደ አገሩ ተላከ። ደሴ እንደገባ የአሕመዲንን ሞት ለእናቱ ነገረ፤ ከዚያ በሬዲዮ የጀዋርን ስም ጠርቶ ተናገረ። ጀዋር ፋይዛን ሳይሰናበት ወደ የመን ጠፋ።

ያኔ ደወለችለት። ሁሉንም ነገረችው። አላቋረጣትም።

«ብትነግሪኝ ኖሮ» አለ ስትጨርስ፣ «ሌሎቹን ይዤ እሸሽ ነበር። ንጉሴን ታውቂዋለሽ፣ ስለ ልጁ የነገርኩሽን።»

ታውቀዋለች። ንጉሴ እዚያ እርሻ ላይ እየሠራ ለታመመ ልጁ መድኃኒት ይልክ ነበር።

«እስር ቤት እያለን ልጁ ሞተ።»

ፋይዛ ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ አዛወረች።

«እኔን አድነሽኛል» አለ ሙሄ። «አልክድሽም። ግን ለሁላችንም ብቻሽን ነው የወሰንሽው። ከእንግዲህ አትደውይልኝ።»

«አሁንም ትወደኛለህ?»

ከጀርባው የደሴ መኪኖች ጥሩምባ ይሰማታል።

«አዎ» አላትና ስልኩን ዘጋው።