ሁለቱ ሽቦዎች የሚያወሩት

መኪና ታወራለች ብዬ ስነግራችሁ ጠላ ቀምሷል እንዳትሉኝ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እውነት ነው፤ ያላመነ ደብረ ታቦር መጥቶ ሚኒባሷን ራሷን ይጠይቃት።

አለምወርቅ ከመሪው ሥር ተጠቅልላ ገብታለች። የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ መኪናዋ የአባቷ የጋሽ ደምሴ ናት። የሙቀት መለኪያዋ መርፌ ከሞተች ሰንብታለች። ስለዚህ አለምወርቅና የክፍል ጓደኛዋ ምናለ ክብሪት የምታህል መሣሪያ ሠሩ። መኪና ውስጥ ያሉት ትንንሽ ኮምፒውተሮች በሁለት ሽቦ ሲያወሩ ይውላሉ። መሣሪያዋ እዚያ ጆሮዋን ደቅና የሞተሩን ሙቀት ስልክ ላይ ትጽፋለች። ትጽፋለች ተብሎ ነበር። ስልኩ ባዶ ነው።

«የምታዳምጥበትን ፍጥነት ቀይሪው» አለ ምናለ።

«ሁሉንም ሞክሬያለሁ። እንደ ቡሄ ጭፈራ እኮ ነው፤ ተቀባዩ ከአውራጁ እኩል ካልሄደ ይዘባረቃል። ይቺ ግን መዘባረቁንም አልቻለችም። ጭጭ!»

«እንግዲያ የኔን እንጠቀማ!» ስልኩን ነካ ነካ አደረገ። ሰማንያ ስምንት ዲግሪ የሚል ቁጥር ብቅ አለ፤ ወጣ ወረድ ሲል እውነተኛ ይመስላል። «ራሴ ነኝ የጻፍኩት። መኪና ባይኖርም ይሠራል። አሪፍ አይደል?»

ሳትመልስለት ጋሽ ደምሴ ሻያቸውን ጠጥተው ተመለሱ። ከአንበሳሜ ጭነው ገና መግባታቸው ነበር። ነዳጅ ከጠፋ ወዲህ ሞተር በከንቱ እንዳይነሳባቸው የመኪናዋን ቁልፍ ከማተባቸው ጋር አስረው ነው የሚዞሩት።

«ሠራች?»

«እንዴት አትሠራም ጋሼ! ሰማንያ ስምንት፤ ጤነኛ ናት!» አለ ምናለ።

«ተባረኩ! እንግዲያ ሐሙሲት ደርሼ ልምጣ፤ ተሳፋሪ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው። ስልኩን ፊቴ ላይ ስቀሉልኝ።»

አለምወርቅ ከሐሙሲት ሲመለሱ ያለውን ዳገት አሰበችው። መኪናዋ ሰው ጢም ብሎባት፣ ሞተሩ እየፈላ፣ ስልኩ ሰማንያ ስምንት እያለ።

«አባዬ፣ ውሸት ነው» አለች። «መሣሪያችን አልሠራም። ቁጥሩን ምናለ ነው የጻፈው።»

ምናለ መሬት መሬቱን አየ። ጋሽ ደምሴ ፈገግ ብለው «ምን ጎደላት ታዲያ?» አሏት።

መልስ ስትፈልግ ዓይኗ አባቷ አንገት ላይ አረፈ። ቁልፉ!

«ወይኔ! መኪናዋ እኮ ጠፍታ ነው የሞከርነው! ቁልፍ ሲነቀል ኮምፒውተሮቹም ይተኛሉ። የተኛ ሰው ወሬ ስናዳምጥ ቆየን! ቁልፉን ይስጡኝ።»

«ነዳጁስ?»

«ይቃጠል፣ አባዬ።»

ሞተሩ ተነሳ። በመጀመሪያው ፍጥነት ስልኩ ላይ የስሕተት መዓት ወረደ። በሁለተኛውም እንደዚያው። ቢሆንም መሣሪያዋ እንደ ቅድሙ ጭጭ አላለችም፤ አለምወርቅ ሦስተኛውን ሞላች። በሰከንድ አምስት መቶ ኪሎቢት። ያን ጊዜ ቁጥሮቹ ከገበያ እንደሚመለስ ሰው ተከታትለው ፈሰሱ። ከመሀላቸው የሙቀቱን ለይታ አወጣችው።

መቶ አሥራ ሁለት ዲግሪ።

ጋሽ ደምሴ ሞተሩን አጠፉና ጎንበስ ብለው ከመኪናዋ ሥር አዩ። ውሃ ይንጠባጠባል። ተሳፋሪዎቹን ሌላ መኪና እንዲፈልጉ ሊነግሯቸው ሄዱ።

«ነገ መምህር ባዩ ክፍል ውስጥ መሣሪያችንን ሊያዩልን ነው» አለ ምናለ ቀስ ብሎ። «የኔዋንም የቁጥር ፕሮግራም ለክፉ ቀን እንያዛት። መሣሪያዋ ፊታቸው ብትከሽፍብንስ?»

«ከሸፈች እንላለና። አጥፋው።»

እስኪያጠፋው ቆማ ጠበቀችው።

እሺ፣ አንዲት ነገር ከራሴ ጨምሬያለሁ። «ውሸት ነው» ስትላቸው ጋሽ ደምሴ ፈገግ አላሉም። ፊታቸው ጠቁሮ ልጃቸውን ትክ ብለው አዩዋት። እሷም ዓይኗን አልሰበረችም።