በጨለማው የተጠሩ ስሞች

ሊባን የሞተው ፊልሙ ሳያልቅ ነው፤ መሞቱ የታወቀው ግን ፊልሙ ካለቀ በኋላ ነበር።

ፊልሙ የጃፓን ካርቱን ነው። ለልጆች የማይታይ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ደም የሚረጭበት የኒንጃ ታሪክ። የመዝጊያው ጽሑፍ ሸራው ላይ ወጥቶ አለቀ፤ የአዳራሹ መብራት ግን አልበራም። የባጃጅ ሾፌሩ ዋርፋ «አቦ ሊባን፣ አብራው እንጂ» እያለ ሁለት ጊዜ ተጣራ። መልስ ሲያጣ ተነሥቶ ከአዳራሹ ጀርባ ያለውን የማጫወቻ ክፍል መጋረጃ ገለጠ። ሊባን ትልቁን ማዳመጫ ጆሮው ላይ እንደደፋ፣ ግንባሩን ከላፕቶፑ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አስደግፎ ተቀምጧል። ከማጅራቱ በታች አንድ ጊዜ ብቻ ተወግቷል።

ኢንስፔክተር ተሻለች ስትደርስ ዐሥራ አንድ ሰዓት አልሞላም ነበር። ቪዲዮ ቤቱ በድሬ፣ በመጋላ ሰፈር፣ ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ ብዙም ያልራቀ፣ ቆርቆሮ የለበሰ አሮጌ መጋዘን ነው። የቀኑ ሙቀት ገና ከጣሪያው አልወረደም። መስኮት የለውም፤ ያለው አንድ በር ነው። በሩ ላይ ውሃና ኦቾሎኒ የምትሸጠው ሸዋገነት ጩኸቱን ስትሰማ በሩን ከውጭ ቆልፋ፣ ቁልፉን በመዳፏ ጨብጣ ፖሊስ ስትጠብቅ ቆይታለች።

«ማን ገባ? ማን ወጣ?» አለቻት ተሻለች።

«ፊልሙ ከተጀመረበት ከዘጠኝ ሰዓት ወዲህ ማንም። ከበሩ ንቅንቅ አላልኩም። ውስጥ የነበሩት ሊባንና ሦስት ተመልካቾች ናቸው። ዛሬ ለሕዝብ ክፍት አልነበረም፤ ሦስቱን እሱ ራሱ መርጦ ነው የጋበዛቸው።»

«ለምን?»

«ፊታቸውን ሊቀርጽ።»

ሊባን በከተማው የታወቀው ፊልም በማሳየቱ ሳይሆን ፊልም የሚያዩ ሰዎችን በማሳየቱ ነው። ስልኩን ከሸራው ሥር በማቆሚያ ላይ ወደ ወንበሮቹ አዙሮ ይተክላል። ሰው ሲደነግጥ፣ ሲጮህ፣ ዐይኑን ሲሸፍን ይቀርጽና ኢንተርኔት ላይ ባለው ገጹ ይለቀዋል። አሁን ማቆሚያው ባዶውን ቆሟል። የተሻለች ረዳት ሳጅን አብዲቃድር ስልኩን ወለል ለመርጨት ከተቀመጠው የውሃ ባልዲ ውስጥ አወጣው፤ አልሠራ አለ። ቢላውንም በፌስታል እንደተጠቀለለ ከወንበሮቹ ሥር አገኘው። እጀታው ተጠርጓል።

ተሻለች የማጫወቻውን ክፍል ለብቻዋ አየችው። ከጠረጴዛው ጎን አንድ አሮጌ ቬንትሌተር ላፕቶፑን ለማቀዝቀዝ እየጮኸ ይዞራል። ወፍራሙን መጋረጃ ገለጥ ስታደርገው የላፕቶፑ ብርሃን ወጥቶ የአዳራሹን ግድግዳ እስከ ሸራው ድረስ አነጣው። መልሳ ዘጋችው፤ እንደገና ከፈተችው። ከዚያም ሦስቱን አንድ በአንድ አስጠራች።

ፋዱማ በታይዋን ገበያ የልብስ ሱቅ ያላት፣ ዐርባዎቹን ያጋመሰች ሴት ናት።

«እኔ ደም አልወድም። ሊባን ግን ‹እንዳንቺ የሚጮህ የለም፣ ነይልኝ› ብሎ ለመነኝ። ግማሹን ያየሁት በጣቶቼ መሃል ነው።»

«ከመቀመጫሽ ተነሥተሻል?»

«ወላሂ አልተነሣሁም። እግሬ የት አለና?»

«ሌሎቹስ?»

«ዋርፋ ከማዶዬ ተቀምጦ ይስቅ ነበር። ሰው ሲታረድ ይስቃል። ሚክዳድ ደግሞ ከሁላችንም ኋላ ነው፤ ዞር ባልኩ ቁጥር በሸራው ብርሃን ፊቱን አየዋለሁ። ያላየሁት ጨለማው ላይ ብቻ ነው።»

«የምን ጨለማ?»

«ፊልሙ ውስጥ ነው። ኒንጃው ፋኖሱን ያጠፋና ሸራው ጥቁር ይሆናል፤ ሁለት ደቂቃ ያህል ምንም አይታይም። እዚያ ላይ... ትስቂብኛለሽ።»

«አልስቅም።»

«ጸጥ አለ። የገዛ ትንፋሼን ብቻ ነው የምሰማው። ከዚያ የሆነ ሰው በሹክሹክታ ስሜን ጠራኝ። ‹ፋዱማ› አለኝ።»

ዋርፋ ጉንጩን በጫት ወጥሮ ገባ። «አንቺ፣ እኔ አልገደልኩትም» አላት ገና ሳይቀመጥ።

«‹አንቺ› ትላታለህ?» አለ ሳጅን አብዲቃድር።

«ተወው፤ ድሬ ነው ያለነው» አለች ተሻለች። «እገልሃለሁ ብለኸው ነበር አሉ።»

«ብዬዋለሁ። ባለፈው ወር አፌን ከፍቼ ስስቅ ለቀቀኝና አማቴ ሳትቀር አየችኝ። ከዚያ ግን ታረቅን። ሲጋብዘኝ መጣሁ።»

«ሰው ሲታረድ ያስቅሃል?»

ዋርፋ ጫማውን ጫማውን ያይ ጀመር። «ስፈራ ነው የምስቀው። ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲሁ ነኝ።»

«ጨለማው ላይስ?»

«ምርቃናዬ ነው ብዬ ለማንም አልተናገርኩም። ስሜ ሲጠራ ሰማሁ። ያኔ መሳቅም አቃተኝ።»

የመጨረሻው ሚክዳድ ነበር፤ በጉምሩክ ዕቃ በማስለቀቅ የሚተዳደር፣ ሸሚዙ የጸዳ፣ አነጋገሩ የሰከነ ሰው። ሳይጠየቅ በቅደም ተከተል ተናገረ፤ ፋዱማ መቼ መቼ እንደጮኸች፣ ዋርፋ በየትኛው ግድያ ላይ እንደሳቀ፣ ማን የት እንደተቀመጠ።

«ፊልሙን ከዚህ በፊት አይተውታል?» አለችው ተሻለች።

«አላየሁትም። ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።»

«ጨለማው ላይ ምን ሰሙ?»

«ዝናብ። ጣሪያ ላይ የሚወርድ ከባድ ዝናብ ነው፤ ከእሱ በቀር ምንም የለም። ከዚያ መብረቅ ይበርቅና ቅርጫት ውስጥ የተቆረጠ ራስ ይታያል። ወይዘሮ ፋዱማ ከሁሉም በላይ የጮኹት ያን ጊዜ ነው።»

«ስም ሲጠራ አልሰሙም?»

ሚክዳድ በትንሹ ፈገግ አለ። «ስም? የለም። ፍርሃት ብዙ ነገር ያሰማል፣ ኢንስፔክተር።»

ሚክዳድ ሲወጣ ሳጅኑ ማስታወሻውን አጠፈ። «ከሦስቱ አእምሮው የተረጋጋው ይኸኛው ብቻ ነው። ሁለቱ ስማችን ተጠራ የሚሉት ወይ ተነጋግረው ነው ወይ ፈዘው። ዋርፋ በሰው ፊት ዝቶበታል፤ ሬሳውንም ያገኘው እሱ ነው። ልሰረው?»

«ቆይ። መጀመሪያ ፋዱማ የነበረችበት ወንበር ላይ ተቀመጥ።»

ላፕቶፑ ውስጥ የፊልሙ ሁለት ቅጂዎች ነበሩ፤ አንዱ የሰነበተ፣ ሌላው በዚያው ቀን ጠዋት የተቀመጠ። ተሻለች የጠዋቱን ከጨለማው ጀመረችና መጋረጃውን ዘግታ ከቬንትሌተሩ አጠገብ ቆመች። ሲያልቅ ቦታ ተለዋወጡ። እሷም ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ሰማችው። ሳጅኑ ከክፍሉ ሲወጣ ግንባሩ በላብ ርሶ ነበር፤ ዋርፋን ስለማሰር ዳግመኛ አላነሣም።

ቀጥላ የሊባንን ገጽ በሳጅኑ ስልክ አስከፈተች። ከሁሉ ብዙ ሰው ያየው አንድ ምስል ነበር፤ አንድ ወጣት በፊልም ደንግጦ ከወንበሩ ሲወድቅ፣ ሱሪው ሲርስ፣ ከጀርባው ሊባን በሳቅ ሲፈነዳ ያሳያል። ዋርፋን አስጠርታ አሳየችው።

«አኒስ ጣሂር ነው» አለ ዋርፋ፣ ምስሉን ሳይጨርስ ዐይኑን አንሥቶ። «ኢንዱስትሪ ፓርኩ ይሠራ ነበር። በባጃጄ ስወስደው እንኳ ሌላው ተሳፋሪ እንደሱ ከወንበሩ የወደቀ እያስመሰለ ያሾፍበት ነበር። አልቻለውም። በእግሩ ወደ ጅቡቲ ወጣና በረሃው ላይ ቀረ።»

ተሻለች የሦስቱን መታወቂያ ተቀብላ አየች። ከዚያ ሦስቱን በነበሩበት ወንበር አስቀመጠቻቸው፤ ሸዋገነትንም በሩ ላይ አቆመቻት።

«ከበሩ የገባም የወጣም የለም» ስትል ጀመረች። «ስለዚህ ገዳዩ ከሦስታችሁ አንዱ ነው። የማጫወቻው መጋረጃ ሲገለጥ የላፕቶፑ ብርሃን ግድግዳውን ያነጣዋል፤ ፊልም እየታየ ማንም ሳያየው የሚገባ የለም። ላፕቶፑ ራሱ የሚጠቁርበት ጊዜ ሲመጣ ግን ይገባል። ያ ጊዜ ፊልሙ ውስጥ አንድ ብቻ ነው፤ መቶ ዐሥር ሰከንድ። ገዳዩ በጨለማ ተነሣ፣ ወጋ፣ ብርሃኑ ሳይመለስ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ይህን የሚያደርገው ጨለማው መቼ እንደሚመጣና ምን ያህል እንደሚቆይ አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ነው። ስልኩን የወሰደው ከዚያ በኋላ፣ እናንተ ሬሳውን ከባችሁ ስትጮኹ ነው። ለእኛ ግን ሦስታችሁም ፊልሙን አይተነው አናውቅም ብላችኋል።»

መብራቱን አጠፋችና ለሳጅኑ ምልክት ሰጠችው። ሸራው ጠቆረ። አዳራሹ ጸጥ አለ፤ የወንበር እንጨት ሲንቋቋ ይሰማል። ከዚያ ከፊት ካሉት ድምፅ ማጉያዎች የሊባን ድምፅ በሹክሹክታ መጣ። «ፋዱማ... ዋርፋ... ሚክዳድ... ከኋላችሁ ነኝ።»

ፋዱማ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ዋርፋ ሊስቅ ጀምሮ አቆመ።

መብራቱ በራ። «ሊባን ዛሬ ጠዋት የጨለማውን ድምፅ በሙሉ አጥፍቶ ስማችሁን አስገባበት፤ ስትደነግጡ ሊቀርጻችሁ» አለች ተሻለች። «እዚህ የተቀመጠ ሰው ስሙን መስማት ነበረበት። ፋዱማ ሰማች። ዋርፋም ሰማ። መጋረጃው ውስጥ ያለ ሰው ግን ከቬንትሌተሩ ጩኸት በቀር ምንም አይሰማም፤ እኔና ሳጅኑ ቆመን ሞክረነዋል። ሊባን ብቻ፣ ማዳመጫው ጆሮው ላይ ስለነበር፣ የገዛ ድምፁን እየሰማ ሞተ።»

ወደ ኋለኛው ረድፍ ዞረች።

«እርስዎ ዝናብ ሰማሁ አሉኝ፣ አቶ ሚክዳድ። ዛሬ በዚህ አዳራሽ ዝናብ አልነበረም። ዝናቡ ያለው ሊባን ባልነካው ቅጂ ላይ ነው። ፊልሙን አስቀድመው አይተውታል፤ ጨለማው ሲመጣ ደግሞ እዚህ አልነበሩም። የሆነውን ስላላወቁ የሚያስታውሱትን ነገሩኝ።»

ተሻለች የሚክዳድን መታወቂያ አነሣች።

«ሚክዳድ ጣሂር፤ የትውልድ ቦታ መልካ ጀብዱ። አኒስ ጣሂር ምንዎ ነበር?»

«ታናሼ» አለ ሚክዳድ። ድምፁ አሁንም የሰከነ ነበር። «ከመልካ ጀብዱ ለሥራ ብሎ ወደ ከተማ ሲመጣ እኔ ዘንድ ነበር ያረፈው። እየተዋረደ ሲኖር ቤቴ ነበር፤ ‹ተወው፣ ይረሳል› አልኩት። ሲወጣ እንኳ አልሰማሁም።» ማቆሚያው ወዳለበት አየ። «ፊልሙን ለሊባን ያመጣሁለት እኔ ነኝ። እንደ ደንበኛ ስመላለስ ወንድሙ መሆኔን አላወቀም። ስወጋው ፊቱን ማየት ፈልጌ ነበር፤ እሱ የአኒስን እንዳየው። ግን ጨለማ ነበር። ምንም አላየሁም።»

ሳጅን አብዲቃድር ካቴናውን አጠለቀለት። ሸዋገነት በሩን ስትከፍተው የመጋላ ሰው ደጃፉን ሞልቶ ጠበቃቸው። ወሬው ቀድሟቸዋል። ሠላሳ፣ ዐርባ ስልክ በአንድ ጊዜ ወደ በሩ ተዘረጋ። ሚክዳድ ደፉ ላይ ሲደርስ ወደ ኋላ የታሰሩ እጆቹን ወደ ፊቱ ሊያነሣ ሞከረ፣ አልደረሱለትም። የፖሊሱ መኪና ከመንገዱ ማዶ ነው ያለው። ተሻለች ከፊቱ ቆመች፤ ሁሉንም ግን ልትከልል አልቻለችም።

ያን ጊዜ ዋርፋ ሕዝቡን በክርኑ እየገፋ ወጣ። ጥቂት ቆይቶ የባጃጅ ጥሩምባ ተሰማ፤ ሰዉ እየተሳደበ ሸሸ። ዋርፋ ባጃጁን ወደ ኋላ እየነዳ መጥቶ ከደፉ ጋር አገጣጠመው። ወርዶ የሁለቱንም ጎን ሸራ እስከ ታች ለቀቀው።

«አስገቢው» አላት ተሻለችን። «ጣቢያ ድረስ አደርሰዋለሁ።»

ሚክዳድ ጎንበስ ብሎ ገባ። ከግራና ከቀኝ ሳጅኑና ኢንስፔክተሯ ተቀመጡ። ስልክ የያዙት እጆች ሸራውን ለመግለጥ ሲታገሉ ዋርፋ ሞተሩን አስነሣና፣ ማንንም ሳያይ፣ ወደ ከዚራ አቅጣጫ ነዳው።