ቦታውን የሳተው መስቀል

ኮሎኔል አርማስ ሂየታላ ደረታቸውን ተመትተው በጽሕፈት ክፍላቸው ወንበር ላይ ሞተው ተገኙ። የክብር ልብሳቸውን ለብሰዋል፤ ኒሻኖቻቸው በረድፍ ተሰክተዋል፤ ሽጉጡ በእጃቸው ነው። ተኩሱን ማንም አልሰማም፤ ለሠራዊቱ ቀን የሚተኮሰው መድፍ የፊንላንዷን ከተማ ሃሜንሊናን እያናወጣት ነበር።

መርማሪ ኦስሞ ራንታ ገና ከቢሮው ሳይወጣ አለቃው «ራሱን ነው ያጠፋው፤ ቶሎ ዝጋው» ብሎታል። ሟቹ ቤት ደርሶ የጠየቃቸውም ያንኑ ሲደግሙለት ወደ ኒሻኖቹ ጠቆመ።

«ሊሞት የተነሳ ሰው ምን ያስጌጠዋል?»

«ወታደር ነዋ!» አለ የሟቹ የጦር ሜዳ ጓደኛ ሻለቃ ታውኖ ኪቬላ፣ የራሱን ኒሻኖች እያስተካከለ። «አንተ ምኑን ታውቀዋለህ?»

የሟቹ ወንድም ፓስተር ቬይኮ ግን ራንታን ወደ ኮሪደሩ ሳበው።

«ትናንት መስቀሉን እመልሳለሁ ብሎኝ ነበር።»

«የቱን መስቀል?»

«ድልድይ አስለቀቁ ተብለው እሱና ኪቬላ የተሸለሙትን የጀግንነት ኒሻን። ያስለቀቀው ላውሪ የሚባል ተራ ወታደር ነው፤ እዚያው ሞተ። አርማስ ዛሬ በሠራዊቱ ቀን ግብዣ ላይ እውነቱን ሊናገር ነበር።»

ራንታ ተመልሶ የሟቹን ኒሻኖች አንድ በአንድ ነቀለ። ከዚያ በቤቱ ያሉትን ሰዎች ሁሉ ሰበሰባቸው።

«የጥይቱ ቀዳዳ በኒሻኖቹ ተሸፍኖ ነበር። ኒሻኖቹን ግን ጥይት አልነካቸውም። ስለዚህ ከሞቱ በኋላ ነው የተሰኩት። ኮሎኔሉ አውልቀዋቸው ነበር።»

«ሚስቱ ሰክታለት ይሆናላ!» አለ ኪቬላ።

«ወይዘሮ ሳይማ፣ ይህን የባለቤትዎን የቀድሞ ፎቶ ይዩልኝ። መስቀሉ ስንተኛ ነው?»

«ሦስተኛ። ደንቡ እንደዚያ ነው» አለች መበለቲቱ። «አርማስ አንድ ቀንም ተሳስቶ አያውቅም። ታውኖን ነበር ‹ሁልጊዜ መጀመሪያ ትሰካዋለህ› እያለ የሚቆጣው።»

ዓይኖች ሁሉ ወደ ሻለቃው ደረት ዞሩ፤ መስቀሉ ከሁሉ መጀመሪያ ነበር።

«በሬሳውም ላይ መጀመሪያ ነው የተሰካው» አለ ራንታ።

ኪቬላ ደረቱን በመዳፉ ሸፈነ። «ለመንኩት እኮ! የራስህን መልስ፣ የኔን ተውልኝ አልኩት። ያለዚህ እኔ ማን ነኝ?»

ሲወስዱት ሳይማ እጇን ወደ ራንታ ዘረጋች። «የአርማስን መስቀል ስጠኝ። የላውሪ እናት በሕይወት አለች።»

«ማስረጃ ነው፤ አልችልም» አለ ራንታ፣ በራሱ በግኖ።

«እንግዲያው ባዶ እጄን እሄዳለሁ» አለችና ካፖርቷን አነሳች። «ልጇ ምን እንደሠራ ግን ዛሬውኑ ትሰማለች።»