«ተነስቷል»

ሐሙስ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ልብስ ሰፊዋን አክስቴን መንገድ ዳር ሞታ አገኟት። የተሰበረው የጠርዝ ድንጋይ እግሯን ጠልፏት በጭንቅላቷ ወድቃለች።

መንገዱ አዲስ አስፋልት እየለበሰ ነበር። አክስቴ ዓይኗ ስለደከመ ድንጋዩን አታየውም፤ እሱን እንዲከልል የቆመውን ቀይ በርሜል ግን ታየዋለች፣ ዞራውም ታልፋለች። የዚያን ዕለት በርሜሉ ቦታው ላይ አልነበረም።

ሰፈሩ ጣቱን ባለሱቁ ላይ ቀሰረ። «ይህ በርሜል ገበያዬን ዘጋው» እያለ ሲያማርር ያልሰማው የለም። ፖሊስም ረፋድ ላይ ወሰደው።

መርማሪዋ እንደመጣች በርሜሉን ፈለገች። መንገዱ ጫፍ ከሌሎቹ ጋር ተደርድሮ አገኘችው። ብትገፋው አልነቃነቅ አላት።

«ውስጡ ምንድን ነው?»

«አሸዋ» አለ ጡሩንባ የምንለው የአስፋልቱ ተቋራጭ ፎርማን። «ነፋስ እንዳይጥለው።»

«ባለሱቁ ታዲያ እዚህ ድረስ ተሸክሞት መጣ?»

«እሱማ የስኳር ኬሻ ለማንሳትም ጎረቤት የሚጣራ ሰው ነው» ብሎ ሳቀ። ወዲያው ያለው ነገር ለራሱ ተሰማውና ሳቁን ዋጠው።

አመሻሽ ላይ ባለሱቁን ከጣቢያ አስመጥታ፣ እሱን፣ ጡሩንባን፣ የማዘጋጃ ቤቱን መሐንዲስና እኔን ሱቁ በር ላይ ሰበሰበችን።

«ይህን በርሜል የሰው ክንድ አላነሳውም፤ ሎደር ነው። ሎደሩን ማን አዘዘ?»

«እኔ» አለ ጡሩንባ። «መሐንዲሱ ትናንት ደውለው፣ መንገዱ ነገ ይከፈታል፣ በርሜሎቹን አንሱ አሉኝ።»

«ጠርዙስ ብዬ ጠይቄዋለሁ» አለ መሐንዲሱ። «ተነስቷል አለኝ። ስብርባሪው ከቦታው ወጥቷል ማለት ነው።»

«ስብሰባ ላይ ተነስቷል ማለቴ ነው፣ ጌታዬ። የእኛ ውል አስፋልት ብቻ ነው፤ ጠርዙን ከተማው ይጠግን ብዬ አንስቼዋለሁ።»

ባለሱቁ ቀስ ብሎ፣ «እንግዲህ እትዬ በአንድ ቃል ሞቱ?» አለ።

«በቃሉ አይደለም» አለች መርማሪዋ። «ጡሩንባ፣ በርሜሉን ስታስነሳ ድንጋዩ ከሥሩ እንዳለ አላየህም?»

ጡሩንባ አንገቱን ደፋ። «አይቻለሁ። የእኛ ሥራ አይደለም ብዬ አለፍኩት።»

«ስብሰባውንስ የመራው ማን ነው?»

መሐንዲሱ ፊቱን ወደ አስፋልቱ አዞረ። ጡሩንባም ቀና ሳይል፣ «እሳቸው ናቸው» አለ።

«ስለዚህ የጠርዙ ነገር እፊትዎ ነው የተነሳው። ተነስቷል ሲልዎት፣ የቱ ነው የተነሳው፣ ድንጋዩ ወይስ ነገሩ፣ ብለው ያልጠየቁት ለምንድን ነው?»

መሐንዲሱ መነጽሩን አወለቀ። «ብጠይቀው ድንጋዩ አለ ይለኛል። ካለ ደግሞ መጠገኑ የእኛ ፋንታ ነው፤ መንገዱም አይከፈትም።» መነጽሩን አጠፈና፣ «የሚቀለኝን ሰማሁ» አለ።

ወደ እኔ ዞሮ «እህቴ...» ብሎ ጀመረና ተወው። እኔም አላገዝኩትም።

ባለሱቁ የዚያኑ ዕለት ተፈታ። ሁለቱ ተከሰሱ። ከተማው ጠርዙን የጠገነው ከፍርዱ በኋላ ነው።