ከዘፈኑ ሥር ያለው ድምፅ

ራጋቩሉ ፖላማን የሰረቃት ሮኬት አልነበረም። ሮኬቱማ የመንግሥት ነው። የሰረቃት የባሏን ድምፅ ነው። ይህን ቂም ዓመታት ሙሉ ከዓሣ ቅርጫቷ ጋር ተሸክማዋለች።

ያኔ ሰው አልባ መንኮራኩር ወደ ጨረቃ ሲላክ ባሏ ሴሻያ ከሐይቁ መሀል፣ ከእሷ ጋር ጀልባው ላይ ሆኖ በሞባይሉ ቀረጸው። እንዳይጠፋበት ብሎ ወደ ራጋቩሉ ስቱዲዮ ወስዶ ኮምፒውተር ላይ አስገለበጠው። ራጋቩሉ ቁመተ ረጅም የሠርግ ቪዲዮ ቀራጭ ነው። ብዙም ሳይቆይ ቪዲዮው በቴሌቪዥን ታየ፤ የቀረጸው ራጋቩሉ ነው ተባለ። ዘፈን ተለጥፎበታል። ሴሻያ ስቆ ተወው። በዚያው ክረምት ማዕበል ሐይቁ ላይ ያዘው፤ እሱም ሞባይሉም አልተመለሱም።

ፖላማ ስቱዲዮው ድረስ ሄዳ "ዘፈኑን አንሳና ድምፁን ስጠኝ" አለችው።

"የምን ድምፅ? የቀረጽኩት እኔ" አላት።

ፖሊስ ጣቢያ ሄደች። በጽሑፍ አምጪ አሏት። መጻፍ አትችልም፤ ተመለሰች። ከዚያው ቪዲዮ የተወሰደው የሮኬቱ ፎቶ ግን ስቱዲዮው ግድግዳ ላይ በትልቁ ተሰቅሏል። ወደ ገበያ ባለፈች ቁጥር ታየዋለች።

ዘንድሮ ሌላ መንኮራኩር ወደ ጨረቃ ሊሄድ ሆነ። ቫይዴሂ የምትባል ፊልም ሠሪ ከሃይደራባድ መጣች፤ ከውኃው ላይ መቅረጽ ስለፈለገች ፖላማን ከነጀልባዋ ተከራየቻት። ፑሊካት ሐይቅ ጥልቅ አይደለም። የካሜራውን ማቆሚያ ጭቃው ውስጥ ተከሉት። ከማዶ፣ ሮኬት ከሚተኮስበት ከስሪሃሪኮታ ደሴት በኩል፣ እሳቱ ያለ ድምፅ ተነሳ። ጩኸቱ ገና አልደረሰም። በዚያች ጸጥታ መሀል ፖላማ ሳታስበው ለሟች ባሏ አንድ ነገር ተናገረች። ቫይዴሂ ሰማቻት። ከዚያ ጩኸቱ መጣና ውኃውን አንቀጠቀጠው።

ወደ ዳር ሲመለሱ ፖላማ የካሜራውን ቦርሳ ዘጋች። ከሰው ዓይን እንዲጠብቀው ብላ ሎሚና ቃሪያ የተሰካበትን ክር ሁለቱ ዚፖች ላይ አሰረችበት። ቦርሳው ቫይዴሂ በተከራየችው በሾፌሩ በማስታን መኪና ውስጥ ተቀመጠ። እነሱ ከዛፎቹ ወዲያ ሩዝና ሽሪምፕ ሊበሉ ሄዱ።

ሲመለሱ ቦርሳው ተከፍቷል። ካሜራው አለ። ሜሞሪዋ የለችም።

የፖሊስ ኢንስፔክተሯ ካሜስዋሪ ሮኬቱን ሊያዩ የመጡትን መኪኖች ሰልፍ ጥሳ መጣች።

"ቦርሳውን ማን ዘጋው?"

"እኔ" አለች ፖላማ።

"ከምግቡ መሀል ተነስቶ ወደ መኪናው የሄደስ?"

"እኔው ነኝ። ቅርጫቴን ላመጣ።"

"ታዲያ ሜሞሪዋ የታለች?"

"ሜሞሪ ምን ያደርግልኛል ማዳም? በዘይት እጠብሳታለሁ?"

ማስታን ሳቀ። ኢንስፔክተሯ ዞር ስትልበት ሳቁን ዋጠው።

"አንተስ? መኪናህን አትቆልፍም?"

"ቁልፉ አይሠራም ማዳም። ከማግባቴ በፊት ጀምሮ አይሠራም።"

"ሌላ ማን ነበር እዚህ?"

"ራጋቩሉ እዚያ ጋ ካሜራውን ተክሎ ነበር። ሲሄድ አላየሁትም።"

"ራጋቩሉን ተወው። የጨረቃውን ሮኬት የቀረጸ ሰው የሌላ ሰው ሜሞሪ ምን ያደርግለታል?"

ፖላማ ጥርሷን ነከሰች። ሌባው በሰረቀው ስም ተከልሎ ሊያመልጥ ነው።

"ሜሞሪዋ እስክትገኝ ጀልባሽ ይያዛል" አለቻት ኢንስፔክተሯ።

ጀልባ ከሌለ ሽሪምፕ የለም። ሽሪምፕ ከሌለ ቤቷ የሚጣድ ነገር የለም። ፖላማ ወደ ቫይዴሂ አየች። ቫይዴሂ መሬት መሬቱን ታያለች።

"ሎሚዬስ?" አለች ፖላማ።

"የምን ሎሚ?"

"ቦርሳው ላይ ያሰርኩት። እሱን ሳይነካ ዚፑ አይከፈትም።"

መኪናው ሥር ፈለገች። የለም። ቀና ስትል አየችው። ከመኪናው አጠገብ ባለው ግራር ላይ፣ ከሰው ራስ በላይ ተንጠልጥሏል። ክሩ አልተበጠሰም፤ ተፈትቶ ነው።

"ማስታን፣ አንተ ብትሰርቅ ይህን ሎሚ ምን ታደርገው ነበር?"

"እጨምቀውና እጠጣው ነበራ እትዬ። ሙቀቱን አታዪውም?"

"አንቺስ ቫይዴሂ?"

"እጥለው ነበር" አለች ቫይዴሂ።

"ይኼኛው አልጣለውም። ሰው እንዳይረግጠው፣ መዘዙም እሱ ላይ እንዳይመጣ ፈርቶ ሰቀለው። እጁ እየሰረቀ ልቡ ይንቀጠቀጥ ነበር።"

"አንቺም ትፈሪያለሽ" አለች ኢንስፔክተሯ።

"እፈራለሁ። ግን ይመልከቱኝ።" ፖላማ በእግሯ ጣት ቆማ እጇን ዘረጋች። ከቅርንጫፉ ብዙ ቀራት። "ረጅም ሰው ነው። ፈሪም ነው። ከሙሽሮቹ ራስ በላይ ሆኖ የሚቀርጸው ማን ነው?"

ኢንስፔክተሯ ቅርንጫፉን አየች፣ ሎሚውን አየች። "መኪናውን አስነሳ" አለችው ማስታንን።

በራጋቩሉ ስቱዲዮ በር ላይም ሎሚና ቃሪያ ተሰቅሏል። ውስጥ ትልቁ ስክሪን ላይ ሮኬቱ እየወጣ ነው። ዘፈኑ ያስተጋባል።

"ጥሩ ወጥቶልሃል" አለችው ኢንስፔክተሯ።

"ልምድ ነው ማዳም። ነገ ቴሌቪዥን ይወስደዋል።"

"ይህ እኮ የኔ ነው" አለች ቫይዴሂ።

"ሮኬቱ አንድ ነው እህቴ። አንድ ሮኬት የቀረጸ ሁሉ ይመሳሰላል።"

ፖላማ ወደ ስክሪኑ ቀረበች። "ዘፈኑን ዝጋው።"

"ከሥሩ ነፋስ ብቻ ነው ያለው።"

"ነፋሱን እንስማዋ።"

ራጋቩሉ እጁን አላንቀሳቀሰም። ኢንስፔክተሯ ከወንበሩ አስነሳችው፤ ቫይዴሂ ተቀመጠችና ዘፈን ያልተለጠፈበትን ፈልጋ ከፈተችው። ውኃ ጀልባ ሲመታ ተሰማ። እሳቱ ተነሳ። በጸጥታው ውስጥ የፖላማ ድምፅ መጣ።

"ሴሻያ፣ አየኸኝ? ዛሬ ቀና ብያለሁ።"

ከዚያ ጩኸቱ ደረሰ።

ራጋቩሉ በርጩማ ላይ ቁጭ አለና ላቡን ጠረገ።

"የራስህስ የታል?" አለችው ኢንስፔክተሯ።

የራሱን አሳየ። ስክሪኑ ከዳር ዳር ነጭ ነው። በነጩ ውስጥ ሮኬት አለ ቢባል የሚያምን የለም።

"የሠርግ መብራት እንጂ እንዲህ ያለ እሳት አላውቅም" አለ። "ያኔ እኔ ነኝ ብያለሁ። ከተማው ሁሉ ዛሬን ይጠብቃል፤ አልቻልኩበትም ብል ምን ሊሉኝ ነው? እናንተ ልትበሉ ስትሄዱ ቦርሳው ታየኝ።"

"ያኔ እኔ ነኝ ብያለሁ ስትል?" አለች ኢንስፔክተሯ።

ራጋቩሉ አንገቱን ደፋ። ፖላማ ፊቱ ቆመች።

"የሴሻያን አጠፋኸው?"

"የሞተ ሰው ድምፅ ማን ያጠፋል ፖላማ? ፈራሁ። እዚያው ኮምፒውተሩ ላይ አለ።"

ከፈተው። ምስሉ ይወዛወዛል። እሳቱ ገና አልተነሳም። የወንድ ድምፅ፣ ቅርብ፣ እየተጣደፈ፦

"ፖላማ! ሽሪምፑን ተይና ቀና በይ! ያመልጥሻል!"

ቀጥሎ የሴት ድምፅ፣ የተቆጣ፦ "ማን ሊለቅመው? አንተ?"

ሴሻያ ሳቀ። ጩኸቱ እስኪመጣና እስኪሸፍነው ድረስ ሳቀ።

"ድገመው" አለች ፖላማ። ደገመው። ማስታን ወደ ውጭ ወጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ቫይዴሂ ከወንበሩ ተነስታ "እትዬ ፖላማ፣ ይቅርታ" አለቻት። ፖላማ ራሷን ነቀነቀች፤ ዓይኗን ከስክሪኑ አላነሳችም።

"ጀልባሽ ተለቋል" አለች ኢንስፔክተሯ።

"የፊተኛውስ ስርቆት?"

"ቆይቷል እኮ እናቴ። ፍርድ ቤቱ ላይቀበለው ይችላል።"

"ያኔ በጽሑፍ አምጪ ተባልኩ። አሁን እኔ ልናገር፣ እርስዎ ይጻፉ። ይቀበል አይቀበል እሱ ይወቅ።"

ኢንስፔክተሯ ወረቀት አወጣች። ፖላማ ከመጀመሪያው ጀምራ ተናገረች። ሲያልቅ አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ከሥሩ ተጫነችው። ከዚያ በርጩማው ላይ ወጥታ ትልቁን ፎቶ ከግድግዳው አወረደች።

"ኤግዚቢት ነው፤ የሚይዘው ፖሊስ ነው" አለቻት ኢንስፔክተሯ።

"ያዙት። ጣቢያ ድረስ እኔ እሸከምላችኋለሁ።"

"መኪና እያለ?"

"በእግሬ እሄዳለሁ።"

ፎቶውን ፊቱን ወደ ፊት አድርጋ እንደ ዓሣ ቅርጫቷ ራሷ ላይ ጫነችው። የጣቢያው መንገድ በገበያው መሀል ነው። ኢንስፔክተሯ ከኋላዋ በእግሯ ተከተለቻት።

"ያ ደግሞ ምንድነው ፖላማ?" አለቻት የመጀመሪያዋ ሽሪምፕ ሻጭ።

"ሴሻያ የቀረጸው ነው" አለች።

ገበያው ረጅም ነው። ለጠየቃት ሁሉ እየቆመች መለሰች።