ለእማ የማይደርሰው መድኃኒት

የእናቷ እጅ በሻምፖ አረፋ ተሞልቶ ስለነበር ስልኩን ያነሳችው ልጅቷ ናት።

«ከሆስፒታል ነው» አለች ነርሷ። «እናትሽ ሁለት ሕክምና አምልጧታል። ነገ ጠዋት የግድ ትምጣ።»

ልጅቷ ክው አለች። እማ በየቀጠሮዋ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ትወጣ የለም እንዴ? ታዲያ የት ነበር የምትሄደው?

ደንበኛዋ ተሠርታ እስክትወጣ ጠበቀች። ትንሿ ፀጉር ቤት ጭር ስትል «እማ፣ ከሆስፒታል ደውለው ነገ ጠዋት የግድ ትምጣ ብለዋል። መድኃኒቱን ለምን አቆምሽ?» አለቻት።

እናቷ ማበጠሪያዎቹን ማጠብ ጀመረች። «ፀጉሬን ሊጨርሰው ነዋ። መላጣ ፀጉር ሠሪ ማን ያምናል? ደግሞ አንቺው አይደለሽ የነገርሽኝ፣ ፕሮፌሰርዬ? ያ በዓይን የማይታየው ናኖ ምናምን መድኃኒቱን ተሸክሞ ዕጢው ላይ ብቻ ያራግፋል አላልሽም? ፀጉር አይነካም፣ አያስመልስም። እሱ እስኪመጣ ልታገስ ብዬ ነው።»

እውነት ነው፣ ብላለች። ነገ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ስለዚሁ መድኃኒት የምታቀርበውን ጽሑፍ ከሳምንታት በፊት እማ ፊት ስትለማመድ የመጨረሻውን አንቀጽ ዘላዋለች። እንዲህ ላለው ዕጢ ገና በአይጦች ላይ እየተሞከረ ነው፣ ለሰው እስኪደርስ ብዙ ዓመት ይፈጃል ይላል አንቀጹ። ከስንት ጊዜ በኋላ የእማ ፊት ፈክቶ እያየች፣ በምን አንጀቷ ታንብበው? አሁን ግን ምላሷን ብትቆርጠው ደስ ባላት።

ዝም ማለትም ይቻላል። እማ ተስፋዋን ይዛ ትስቅ ይሆናል፤ ዕጢው ግን ማንንም አይጠብቅም።

«እማ፣ ያልነገርኩሽ ነገር አለ። ያ የናኖው መድኃኒት ገና ነው። ብዙ ይቀረዋል።»

«ብዙ ስትይ?»

«ምናልባት እኔ አንቺን ሳክል።»

እናቷ ቧንቧውን ዘጋች። እጇን በሽርጧ ስታደርቅ ቆየችና «ለእኔ አይደርስማ» አለች ቀስ ብላ።

የልጅቷ እንባ ዱብ ዱብ አለ። እናቷ ሳብ አድርጋ አቀፈቻት። ሁለቱም አለቀሱ፤ ማን ማንን እንደሚያባብል አይታወቅም ነበር።

«በይ በቃ» አለች እናቷ በመጨረሻ። «ነገ ሆስፒታል ብቻዬን እሄዳለሁ። አንቺ አዳራሹን የምታስጨበጭቢበት ቀን ነው።»

ልጅቷ ፊቷን በእጅጌዋ ጠርጋ ስልኳን አወጣች። ለሳይንስ መምህሯ «ነገ አልመጣም፤ ሌላ ሰው ያቅርብ» ብላ ላከች።

«ስንት ሰዓት ነው የምንወጣው?» አለች።