ዋልካው ያልነካው ጫማ

ሉቃስ ሞቶ የተገኘው በከተማው ዳር፣ ፉሪ፣ ካልተጠናቀቀ ፎቅ ስር፣ ጠጠር ላይ ተንጋሎ ነው። ጫማው ንጹሕ ነበር፤ ክሩም በወጉ ታስሯል። ተጠርታ የመጣችው እህቱ ማሚቴ በጫማው ለየችው። የገዛችለት እሷ ናት።

«ወድቆ ነው» አለ የሥራ ባልደረባው አዶኒያስ። «የከተማውንና የገጠሩን ወሰን ከፍ ብሎ ማየት ይወድ ነበር።»

ኢንስፔክተር ደራርቱ ወደ ሬሳው ቀረበች። ቁጢጥ ብላ ጫማውን ፈታች። ካልሲ የለም፤ ኪሱ ውስጥ ተጠቅልሎ ተገኘ። በጣቶቹ መካከል ጥቁር ጭቃ ደርቋል።

«ሉቃስ ከሚመላለስበት ከጋሽ ሂርጳ ማሳ የመጣ ዋልካ ነው» አለች ማሚቴ።

ሉቃስና አዶኒያስ የአካባቢውን መልክዓ ምድርና የነዋሪውን ብዛት ሲያጠኑ ከርመዋል፤ የሽማግሌው የሂርጳ መንደር ደግሞ ልክ ወሰኑ ላይ ነው። ሽማግሌው ለቅሶ ሲመጡ ማሚቴ ጠርጥራ ፊቷን አዞረችባቸው።

«እኔ ስለምን እገድለዋለሁ?» አሉ ለደራርቱ። «መንደራችን ሰው ይኖርበታል ብሎ የሚጽፍልን እሱ ብቻ ነበር። በባህላችን ልጅ አይቆጠርም ብለን ስንት እንደሆንን እንኳ ሳንነግረው፣ ሳይሰለች ይመላለስ ነበር።»

ቀጥላ ደራርቱ የመንደሩን ተወላጅ የመሬት ደላላ ለታን ጠየቀችው።

«መሬቱ ባዶ ነው ቢባል ትጠቀማለህ አሉ።»

«እጠቀማለሁ። ግን ደላላ ሰው ከገደለ ለማን ይሸጣል?»

አዶኒያስ ወደ ማሳው ሄዶ እንደሆነ ሲጠየቅ መልሱ አጭር ነበር። «ዝናቡ ከገባ ወዲህ ከአስፋልት አልወረድኩም።»

በማግስቱ ደራርቱ ሁሉንም የሂርጳ ማሳ ዳር ሰበሰበቻቸው። «እስቲ እስከዚያ ድንጋይ እንግባ» አለች።

ሂርጳ ጫማቸውን አወለቁ። ለታም እያጉረመረመ የሚያብረቀርቅ ጫማውን አወለቀ። አዶኒያስ ግን እንደተጫማ ገባ፤ ብዙም ሳይራመድ ዋልካው ያዘው።

«ይበቃል» አለች ደራርቱ። «እዚህ ሰው ጫማውን ዳር ትቶ ይገባል፤ ሲወጣ በዚያ ጀሪካን ውሃ ታጥቦ ያጠልቃል። ሉቃስም ይህን ከጋሽ ሂርጳ ተምሯል። ካልሲውን ኪሱ ከትቶ ገባ። እግሩ ስላልታጠበ በሕይወት አልወጣም። በባዶ እግሩ ፎቅ የሚወጣ የለምና ገዳዩ ከፎቅ የወደቀ እንዲመስል ሬሳውን ወስዶ ጫማውን አደረገለት፤ ጭቃውን ግን ረሳው።»

«እኔ ለመሆኔ ምን ማስረጃ አለ?» አለ አዶኒያስ።

«እስካሁን አንተ ነህ ያለ የለም። ጋሽ ሂርጳ ሬሳ የሚሸከሙበት አቅም የላቸውም። ለታ መኪና አለው፤ ግን ጫማውን ያወልቃል፣ የመኪናው ምንጣፍም ንጹሕ ነው። ከአስፋልት አልወረድኩም ያልከው አንተ ግን፣ ዛሬ ጠዋት ስንፈትሽ የመኪናህ ፍሬን ስር ዋልካ ተጋግሮ ተገኝቷል። ከኋላ ወንበርህ ስር ደግሞ ደም አለ።»

አዶኒያስ እግሩን ሲመነጭቅ ጫማው ጭቃው ውስጥ ቀረ።

«ገፋሁት እንጂ ልገድለው አልነበረም» አለ ቀስ ብሎ። «ድንጋዩ መታው። ሰው የማይኖርበት ነው ብዬ ጽፌ፣ መሬቱን ለሚፈልጉ ሰዎች ቃል ገብቼ ነበር። ሉቃስ አጋልጥሃለሁ አለኝ።»

ፖሊሶች ሲወስዱት ማሚቴ ወደ ሂርጳ ዞረች፤ ቀና ብላ ልታያቸው ግን አልቻለችም።

«ጋሽ ሂርጳ፣ ሉቃስ የወደቀበት ድንጋይ ጋ ይውሰዱኝ።»

ጫማዋን አውልቃ ተከተለቻቸው። ሲመለሱ ሽማግሌው ጀሪካኑን አዘንብለው እግሯ ላይ ውሃ አፈሰሱላት።

«እንግዲህ ማን ይጽፈናል፣ ልጄ?»

«እኔ። ስንት ናችሁ?»

ልጆቻቸውን ቆጥረው የማያውቁት ሽማግሌ ጀሪካኑን መሬት አስቀመጡ። ከዚያ ከታላቁ ጀምረው፣ አንድ በአንድ በስማቸው ጠሩላት።